ከስዊድን ምን ይምጣ?

ስዊድን የሚሄድ ሰው እንዳለ ሸጎሌ ውስጥ ከተሰማ ትዕዛዙ ከቪዛው ይቀድማል። ለአንዷ የክረምት ጃኬት፣ ለአንዱ ያገለገለ ስልክ፣ ለእትዬ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ዝርዝር ሌላ ነው፦ የዳላ ፈረስ የሚሉት ቀይ የእንጨት ፈረስ፣ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ጨው ጨው የሚል ጥቁር ከረሜላ (እሱ ይቅርብን)፣ ከዚያ “ፊካ” ሞክሩ ይላል። ፊካ ሥራ አቁሞ ቡና እየጠጡ ማውራት ነው። “ካፊ” የሚለውን የድሮ የቡና ስማቸውን ገልብጠው የፈጠሩት ቃል ነው ይባላል፤ የእኛ አራዶች እንደሚያደርጉት። ጎረቤቱን ቡና ጠጡ ብሎ ለሚጠራ ሰው ግን ፊካ ብርቅ አይሆንበትም።

እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን “ከስዊድን ምን ይምጣ?” የሚለው ጥያቄ ከሻንጣ በላይ ታሪክ እንዳለው ሳነብ ገረመኝ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ራስ ተፈሪ በ1924 አውሮፓን ሲዞሩ ስቶክሆልምም ደርሰዋል። ስዊድን ተመራጭ የሆነችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንደ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ድንበራችን ላይ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። በ1935 መጀመሪያ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሥራ ሲጀምር አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጣሊያን ወረረን። ሠልጣኞቹ ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ጊዜ እንኳ አላገኙም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው። አብራሪው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ለማቋቋም መጣ። በ1946 ደግሞ ኦኒ ኒስካነን መጣ፤ በኋላ አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው እሱ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 ሮም ላይ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከሸጎሌ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ጫካ የምትሮጡ ካላችሁ “ፋርትሌክ” የሚለውን ቃል ከአሠልጣኝ አፍ ሰምታችኋል። የስዊድንኛ ቃል ነው፤ “የፍጥነት ጨዋታ” እንደ ማለት። አሁን ግን የጫካው ቃል ሆኗል፣ ማንም ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ፋፋ ነው። አዎ፣ እናቶቻችን በገንፎ የሰጡን ፋፋ።

በ1962 ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማምተው አዲስ አበባ ውስጥ የሕጻናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ። ከኡፕሳላ የመጡ ሐኪሞች ነበሩበት፤ ይንቭ ሆፍቫንደር አንዱ ነው። ችግሩ የሚታወቅ ነው። ልጅ ስድስት ወር ሲያልፈው የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም። ቤት ውስጥ የሚቀርብለት ደግሞ ቀጠን ያለ የእህል አጥሚት ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ልጁ ያብጣል፣ ጸጉሩ ይሳሳል፣ አንድ ተቅማጥ ይወስደዋል። መፍትሔው የስዊድንን የሕጻን ምግብ በካርቶን ማስመጣት ሊሆን ይችል ነበር። በእኛ ሙያ ኮፒ ፔስት እንለዋለን። ግን ያንን በየወሩ መግዛት የሚችል ስንት ቤተሰብ ነበር?

ስለዚህ የተያዘው እዚሁ ያለው እህል ነው፦ የስንዴ ዱቄት፣ የሽምብራ ዱቄት፣ በኋላ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚንና ማዕድን። የእህሉና የጥራጥሬው ጥምረት ዋናው ቁም ነገር ነው። ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ሽምብራ ደግሞ እሱ አለው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ሽሮ በእንጀራ እኮ ይኸው ነው! ላቦራቶሪው የደረሰበትን የአያቶቻችን ማዕድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። ላቦራቶሪው የጨመረው ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ መጠኑን ለክቶ፣ ጥርስ ላላወጣ ልጅ እንዲሆን አልሞ፣ በፋብሪካ እንዲመረት አደረገው።

ስሙም አማርኛ ነው። ልጁ ፋፋ፤ ወፈረ፣ አማረበት። የፈረንጅ ስም ቢለጠፍበት ኖሮ የሀብታም ቤት ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፍጹም ነበር እያልኩ አይደለም። ቫይታሚኑ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ፕሮግራመሮች “ዲፔንደንሲ” የምንለው፣ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም የሚቆምበት ነገር። የታሸገ ምግብም ምንም ቢረክስ ከቤት ጥሬ ይወደዳል። ቢሆንም የሆለታው ትምህርት ቤት ወራሪው ሲመጣ ሲቋረጥ፣ ፋፋ ግን ዘውዱንም ደርግንም አልፎ የመጣ ስም ነው። ያ የሥነ ምግብ ክፍል ወደ ኢንስቲትዩት አደገ፤ በ1995 በተደረገው ውህደት ከቀድሞው ፓስተር ጋር አንድ ተቋም ሆነ፤ ይህም የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ያለውም እዚሁ ጉለሌ ነው፤ በታክሲ ስናልፍ ዘወትር የምናየው።

ደግሞ ሻንጣው በአንድ ወገን ብቻ አልሞላም። ሩት ሴሊኑስ የምትባል ስዊድናዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ እዚህ ሠርታ ስትመለስ ስለ መካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ምግቦች ጻፈች። በ1971 ኡፕሳላ ላይ ታተመ፣ በእንግሊዝኛ። የእኛ እናቶች “በዓይን ነው የምለካው” የሚሉትን ሙያ እሷ በወረቀት አስፍራ ወሰደችው።