የሰሜን ተራሮች የተፈጥሮ ፎቶግራፍ

የሰሜን ተራሮች የተፈጥሮ ፎቶግራፍ በሰሜን ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች፣ በተለይም በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ መልክዓ ምድርን፣ ዕፅዋትንና የዱር አራዊትን በካሜራ የማንሳት ጥበብ ነው። ፎቶዎቹ ለውበታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው ለውጥ መረጃ ስለሚሰጡም ይፈለጋሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

== ቦታው ==

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደባርቅ ነው። ፓርኩ በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ተራሮቹ የተሠሩት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ውሃ ቅላጩን ቦርቡሮ እስከ 1,500 ሜትር የሚወርዱ ገደሎችን ፈጥሯል። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ዳሸን (ራስ ደጀን) ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

ፎቶግራፍ አንሺዎች በብዛት የሚሰፍሩት በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የድንኳን ቦታዎች ነው። የጅንባር ፏፏቴ በሳንቃበርና በግጭ መካከል ይገኛል። ከግጭ በእግር የሚደረስበት እመት ጎጎ 3,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አፋፍ ሲሆን፣ በሦስት አቅጣጫ ገደሉን ያሳያል።

== ብርሃንና ወቅት ==

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ትወጣለች። አቀበቷም ፈጣን ነው። ለመልክዓ ምድር ፎቶ የሚመረጠው ለስላሳና ወርቃማ ብርሃን ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ቦታን ከዋዜማው መምረጥና ጎህ ሳይቀድ መድረስ የተለመደ ነው።

ዋናው ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትጓዝ፣ የገደሉ ግድግዳ አብዛኛውን ቀን በጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ሰማዩ ግን እጅግ ብሩህ ነው። ካሜራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ይቸገራል። መፍትሔው በተለያየ የብርሃን መጠን ብዙ ፎቶ አንስቶ ማዋሃድ፣ ወይም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተሰለፉ ሸንተረሮችን መርጦ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን መጠቀም ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ዝናቡ አቧራውን ስላጠበው አየሩ ጥርት ይላል፤ ሜዳውም አረንጓዴ ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ አቧራና ጭስ እይታውን ያደበዝዛሉ። ይህ ጭጋግ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ሸንተረሮቹ በርቀታቸው መጠን እየሳሱ እንዲታዩ ስለሚያደርግ በረጅም ሌንስ ሲነሱ ጥልቀት ያሳያሉ። ሌሊቱ እስከ በረዶ ነጥብ ሊቀዘቅዝ ስለሚችልና ባትሪ በቅዝቃዜ ቶሎ ስለሚደክም፣ ባትሪን ከልብስ ሥር አድርጎ መተኛት ይመከራል።

== እንስሳትና ዕፅዋት ==

በብዛት የሚነሳው እንስሳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ፀሐይ ሞቆም ሣር መጋጥ ይጀምራል። በፓርኩ ውስጥ ሰውን ስለለመደ እንስሳውን ከነተራራው በአንድ ፎቶ መያዝ ይቻላል። ጣሊያናዊው ወጣት ሪካርዶ ማርኬጂያኒ በዚህ መንገድ ያነሳው፣ ልጇን በሆዷ ያዘለች ጭላዳ ጎህ ሲቀድ ከገደል አፋፍ ላይ የምትታይበት ፎቶ፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር አራዊት ፎቶ ውድድር በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉ ተወዳዳሪዎች ምድብ አሸንፏል።

ዋልያ በአብዛኛው በጨነቅና በቧሂት አካባቢ ይታያል። ቀይ ቀበሮ ግን ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገኝም። ከዕፅዋት ጅብራ በቁመቱ፣ አስታ ደግሞ በላዩ በሚንጠለጠለው ሽበት መሰል ሽፋን ይታወቃሉ።

== ፎቶ እንደ ማስረጃ ==

በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱ ወታደራዊ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያነሷቸው ምስሎች ከኢትዮጵያ ቀደምት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች መካከል ናቸው። ቤልጂየማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ሄደው፣ የቀድሞዎቹ ፎቶዎች በተነሱባቸው ቦታዎች ቆመው እንደገና አነሱ። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ በ1868 ከነበረው የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የሰሜን ኢትዮጵያ ደን ያለማቋረጥ እየመነመነ መጣ የሚለውን የተለመደ አባባል ጥያቄ ውስጥ አስገባ። በሰሜን ተራሮችም በ1970ዎቹ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒና ሌሎች ተመራማሪዎች የቆዩ ፎቶዎችን ከአዳዲሶቹ ጋር በማነጻጸር የእርሻንና የደንን ለውጥ አጥንተዋል።

== ከፎቶው ውጭ የሚቀረው ==

የፓርኩ ታዋቂ ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሌለበት ምድር ያሳያሉ። ነገር ግን ሜዳው ለረጅም ዘመን ሲታረስና ሲጋጥ የኖረ ነው። ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ከምክንያቶቹ አንዱ የሰው ሰፈራ ስለነበር፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ አካባቢ እንዲዛወሩ ተደረገ። ፓርኩም በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ዛሬ በግጭ የሚነሳ ፎቶ ሣርና ጅብራ ብቻ ቢያሳይ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ የነበረውን የገብስ ማሳና ጎጆ ተመልካቹ አያውቅም። ስለሆነም ፎቶው የተነሳበትን ቦታና ቀን ከሥሩ መጻፍ ጠቃሚ ነው፤ ያለዚህ መረጃ ምስሉ ለወደፊት ንጽጽር አያገለግልም።

== ደንብ ==

ጎብኚ ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ከስካውት ጋር ይገባል። እንስሳትን መመገብና መንገዳቸውን መዝጋት ተገቢ አይደለም። ድሮን ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ገበሬን ወይም እረኛን ለማንሳት አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት የጎብኚው ቁጥር በእጅጉ ስለቀነሰ፣ ከመጓዝ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ማጣራት ያስፈልጋል።