ከሸክላ እስከ ሞባይል፦ ጆሮን የማስተማር አጭር ታሪክ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አባቶቻችን። በዚህች ተረት ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የሚሰማው አልሰማም ካለ ለመከራ ተላልፎ ይሰጣል። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ሲከፋን «አይዞሽ፣ ያልፋል»፣ ስናለቅስ «ተይ፣ ሰው ምን ይላል?»፣ ከትምህርት ወደ ኋላ ስንል ደግሞ የጎረቤት ልጅ በምሳሌነት ይጠራብናል። መካሪ አጥተን አናውቅም። የሚያዳምጠን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አጥተናል።

ፈረንጆቹ ካውንስሊንግ የሚሉትን ሙያ «የምክር አገልግሎት» ብለን የተረጎምነው ጊዜ ነገሩን ሳናውቅ ያወሳሰብነው ይመስለናል። አማካሪ ሲባል ወዲያው የሚታየን ጣቱን ቀስሮ «እንዲህ አድርጊ» የሚል ሰው ነው። ሙያው ግን ገና ከጠዋቱ የታገለው ይህንኑ ጣት ለማሳጠፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሳሳን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከመካከላችን አንዷ በቅርቡ የምክር አገልግሎት ክህሎትን በኢንተርኔት የሚያስተምር ስልጠና ገባች። አራት ሰዓት ይፈጃል የተባለውን «ቀጣይ»፣ «ቀጣይ» እያለች በሃምሳ ደቂቃ ጨረሰችው። ስሟ በጉልህ የተጻፈበት ሰርተፊኬትም በኢሜይል መጣላት። በማግስቱ አንድ ወዳጃችን ከሥራ መቀነሱን ሊነግራት ሲጀምር ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «ለበጎ ነው!» አለችው። ሳቅን። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ለመሆኑ ማዳመጥን በኢንተርኔት ይማሩታል? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሸክላው

በ1940 ካርል ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአማካሪና በባለጉዳይ መካከል የሚባለው ነገር በሩ ከተዘጋ በኋላ የሁለቱ ምስጢር ነበር። መምህሩ ተማሪውን የሚያርመው ተማሪው አስታውሶ የሚነግረውን ሰምቶ ነው። ሰው ደግሞ የራሱን ሥራ አስታውሶ ሲናገር ምን ጊዜም ጎበዝ ነው።

ሮጀርስና ተማሪዎቹ ማይክሮፎን አስገቡ። ቴፕ ገና ስላልተስፋፋ የሚቀዳው በሸክላ ነበር። አንዱ ሸክላ በጥቂት ደቂቃ ስለሚሞላ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበረበት። በ1942 ሮጀርስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ ባለጉዳይ ጋር የተደረገው ምክክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ታተመ። ከሸክላዎቹ በተወሰደ ጥናትም «መንገድ እናሳይ» የሚሉት አማካሪዎች ከባለጉዳዩ የበለጠ ሲያወሩ ተገኙ።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይህቺን ነገር በደንብ እናውቃታለን። የራስን ቃለ ምልልስ ቀድቶ መልሶ እንደ መስማት የሚያሳፍር ነገር የለም። እንግዳው ዋናውን ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያለ የሚያቋርጠው ድምፅ የማን ነው? የኛው ነው።

ቪዲዮው

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለን አይቪና ባልደረቦቹ ማዳመጥን እንደ መኪና ሞተር ፈታተው በየብልቱ አስቀመጡት። ዓይን፣ አቀማመጥ፣ የድምፅ ቃና፣ ወሬ ሳያስቀይሩ መከተል። ሰልጣኙ ለጥቂት ደቂቃ ሰው ያነጋግራል፤ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከአሰልጣኙ ጋር ቁጭ ብሎ ራሱን ያያል፤ አንዷን ነገር ብቻ አርሞ እንደገና ይሞክራል። አሠራሩ በ1968 ታትሞ ወጣ። ዛሬ በየስልጠናው «የማዳመጥ ክህሎቶች» ተብለው በተራ ቁጥር የሚደረደሩት ነገሮች ብዙዎቹ የዚያ ልጆች ናቸው።

በነገራችን ላይ ዓይን ለዓይን መተያየት በሁሉም ባህል አንድ ትርጉም እንደሌለው በኋላ ራሱ አይቪ ጽፏል። ይህ ለኛ ዜና አይደለም። ታላቁን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያወራ ልጅ እኛ አገር ምን እንደሚባል እናውቃለን።

በዚያው ሰሞን፣ በ1966፣ ኤም አይ ቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤሊዛ የተባለች የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ። ኤሊዛ የሮጀርስን ዓይነት አማካሪ ትኮርጃለች። «እናቴ ትጠላኛለች» ብለው ሲጽፉላት ስለ ቤተሰብዎ ይበልጥ እንዲነግሯት ትጠይቃለች። ምንም አይገባትም። ይሁንና የዋይዘንባውም የራሱ ጸሐፊ ከኤሊዛ ጋር ብቻዋን ለማውራት ብላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው ደነገጠ። ሰው ለሚያዳምጠው ምን ያህል እንደተራበ፣ የማዳመጥን መልክ ብቻ ይዞ መቅረብም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያን ቀን አየ።

ወርክሾፑ

ከዚያ የወርክሾፕ ዘመን መጣ። እኛ አገር ወርክሾፕ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆቴል፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ፣ ሰርተፊኬት። አሜሪካኖቹም ከአበሉ በቀር ብዙም አይለዩም።

ዊልያም ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ሳይጫኑ የሚያነጋግሩበትን ዘዴ ጽፎ ስለነበር በየቦታው እየተጠራ ያሰለጥን ነበር። አንድ ቀን ግን የራሱን ስልጠና ሊፈትን ተነሳ። በ1001 ምሽት ተረት ላይ ቢሆን ንጉሡ ተሸልሞ ያበቃ ነበር። በ2001 የታተመው ውጤት የሚያሸልም አልነበረም። ሰልጣኞቹ ችሎታችን ጨምሯል ብለው ተናገሩ። የተቀዳው ድምፃቸው ሲመረመር ግን የተለወጠው ነገር ለባለጉዳዮቹ ለውጥ የሚያመጣ ሆኖ አልተገኘም። ወርክሾፑ ያሳደገው ከችሎታቸው ይልቅ በራስ መተማመናቸውን ነበር። ከዚህ የሚያስፈራ ጥምረት ያለ አይመስለንም።

ሚለር ተስፋ አልቆረጠም። በ2004 ባሳተመው ጥናት 140 ባለሙያዎችን በዕጣ አምስት ቦታ ከፈላቸው። አንዱ ቡድን መጽሐፍና ቪዲዮ ተሰጥቶት ለብቻው አነበበ። ሌላው ወርክሾፕ ብቻ ወሰደ። የቀሩት ከወርክሾፑ በኋላ ወይ በተቀዳ ሥራቸው ላይ አስተያየት፣ ወይ በስልክ የሚያሠለጥናቸው ሰው፣ ወይ ሁለቱንም አገኙ። ክህሎቱን ይዘው የዘለቁት ክትትል ያገኙት ናቸው። የባለጉዳዮቹ አነጋገር ጭምር ሲለወጥ የታየው ሁለቱንም ባገኙት ዘንድ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ያ ክትትል የመጣው በስልክ ነው። ርቀቱ ችግር አልሆነም። ችግር የሆነው ብቻ መቅረቱ ነው።

የኛ ጓዳ

እኛስ? ይህ ሙያ ወደ ብዙኃኑ ኢትዮጵያዊ ጓዳ የገባው በኤችአይቪ በኩል ነው። በ2000ዎቹ ነርሶች በአጭር ስልጠና አማካሪ ሆነው ምርመራ ክፍል ተቀመጡ። ያኔ ወጣት የነበሩት «ከምርመራ በፊት ምክር፣ ከምርመራ በኋላ ምክር» የሚለውን ያስታውሱታል። 952 ደውለው ለወገን የስልክ መስመር ምስጢራቸውን ያወሩም ብዙ ናቸው። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሰልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ነበሩ ለመላው አገር የሚደርሱት። በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ እስከ አሥር ዓመቱ መጨረሻ ድረስም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች አንድ አንድ ዓመት ሰልጥነው በየቀበሌው ተሰማሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮ ሕክምናን ጤና ጣቢያ ድረስ የሚያወርድ መርሐ ግብር አወጀ። ኢትዮጵያ በ2010 ቀድመው ከሞከሩት አገሮች ውስጥ ነበረች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሐኪም ከሌለ ነርሷ፣ ነርሷ ከሌለች የጤና ኤክስቴንሽኗ። ነገር ግን አንዲት እናት ሰው እስኪወጣ ጠብቃ «መኖር ሰልችቶኛል» ስትላት፣ ያቺ ልጅ «ኧረ እግዜርን አትፈሪም?» ካለቻት በኋላ ምን ይሆናል? እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። ተመልሳ አትመጣም። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ይህን ስትናገር ግን የሰማና ያረመ ሰው አልነበረም።

ወንበሩና ሞባይሉ

ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በተባለ የድሆች ሰፈር፣ የመጣለት መፍትሔ አያቶች ነበሩ። አሥራ አራት አሮጊቶች ችግርን በየደረጃው አንስቶ መፍታትን ተማሩና ከጤና ጣቢያው ውጭ እንጨት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ሾናዎቹ ጭንቀትንና ሐዘንን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ መብዛት ማለት ነው። የኛም እናቶች «ሐሳብ ነው የገደላት» ይሉ የለ? በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከወንበሩ የተጠቀሙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ሕመማቸው በጣም ቀልሎ ነበር። አያቶቹን ግን አሰልጥነው አልተዉአቸውም፤ ክትትሉ የሥራው አካል ነበር።

አሁን ደግሞ ሞባይሉ። ሕንድ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የመንደር ጤና ሠራተኞች አሏት። ያን ሁሉ ሰው ሆቴል ሰብስቦ ማሰልጠን የማይሞከር ነው። ስለዚህ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት የድብርት ምክር ስልጠናን በስማርትፎን መስጠት ተሞከረ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት በ2020 ታተመ። በቀጠለው ትልቅ ጥናት አንድ ቡድን ተጨመረ፦ ከስማርትፎኑ ሌላ በስልክ የሚከታተለው ሰው ያለው። ሸክላው የጀመረው ነገር እዚህም ተመለሰ ማለት ነው።

በ2022 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኢክዊፕ የተባለ ነፃ የኢንተርኔት መገልገያ ይፋ አደረጉ። መሠረቱ ኔፓል ውስጥ የተሠራና በ2015 የታተመ የመመዘኛ ዘዴ ነው። ሰልጣኙ ባለጉዳይ መስሎ ከሚተውን ሰው ጋር ያወራል፤ የሚያየው ሰው ከአንድ እስከ አራት ይሰጠዋል። አራት የላቀ ነው። አንድ ዝቅተኛ ብቻ አይደለም፤ «ሊጎዳ የሚችል» ማለት ነው። ማቋረጥ፣ መኮነን፣ በሃይማኖት ማሸማቀቅ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። «ቀጣይ»ን መቶ ጊዜ ብንጫን ያቺን አንድ አናመልጣትም።

እንግዲህ ማዳመጥን በኢንተርኔት ይማሩታል? ሰማንያ ዓመት የሚናገረው እንዲህ ነው። ሸክላም ይሁን ቪዲዮ፣ ስልክም ይሁን ኢንተርኔት፣ ሥራችንን ወስዶ ለሚያርመን ሰው ካሰማልን ያስተምረናል። ሰርተፊኬት ብቻ ካመጣልን ግን «ለበጎ ነው» ማለታችንን እንቀጥላለን፤ አሁን ደግሞ በማስረጃ።

ያቺ ባልደረባችን ስልጠናውን እንደገና ጀምራዋለች። በዚህኛው ዙር ግን ከሥራ የተቀነሰውን ወዳጃችንን «እስቲ እንደገና ንገረኝ፣ ካቋረጥኩህ እጅህን አንሳ» ብላ ለመነችው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሰባት ጊዜ እጁን አነሳ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አነሳ። ከዚያም እኛ እስከዛሬ ያልሰማነውን ነገር ነገራት። ምን እንዳላት ጠየቅናት።

አልነገረችንም። ተምራለች ማለት ነው።