ኢንዛይምን አስሮ የማሠራት ጥበብ ታሪክ

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ አስቀድመው ብቅሉን ያዘጋጃሉ። ገብሱን በውሃ ይነክሩታል፤ ሲያጎነቁል ያደርቁታል፤ ከዚያም አስፈጭተው ከእንኩሮውና ከጌሾው ጋር በጋን ውስጥ ይጨምሩታል። ብቅል ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ብንጠይቃቸው «ያለ ብቅል ጠላ ከየት ይመጣል?» ብለው ይመልሱልናል። መልሳቸውም እውነት ነው። የብቅሉ ሥራ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው፤ ስኳሩ ካልተገኘ እርሾው ወደ አልኮል የሚለውጠው ነገር አይኖረውም። ነገር ግን ጠላው ከደረሰ በኋላ ያን ስኳር ያበጀውን የብቅሉን ኃይል ለሚቀጥለው ጥንስስ መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ወይ ከጠላው ጋር ተጠጥቷል፣ ወይ ከአተላው ጋር ተደፍቷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥንስስ አዲስ ብቅል ማብቀል የግድ ነው።

እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ይኸውም ገና መሥራት እየቻለ የሚጣለውን ትንሽ ሠራተኛ፣ ኢንዛይም የሚባለውን፣ ሊቃውንት እንዴት አስረው ደጋግመው ሊያሠሩት እንደ ቻሉ፣ ደግሞም ከመጀመሪያው ፍንጭ እስከ መጀመሪያው ፋብሪካ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ያለፈው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ኢንዛይም ምን እንደ ሆነ እንናገር። ቁራሽ ዳቦ አፋችን ውስጥ ይዘን ረዘም ላለ ጊዜ ብናኝከው ቀስ በቀስ እየጣፈጠ ይሄዳል። ይህም የሚሆነው በምራቃችን ውስጥ ያለው ኢንዛይም የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ነው። ኢንዛይም በሕያዋን ፍጥረታት ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ለውጡን ያፋጥናል እንጂ ራሱ በለውጡ አያልቅም። በገበያ ያለ ደላላ ሻጭና ገዥን አገናኝቶ ወዲያው ወደ ሌሎች ደንበኞች እንደሚሄድ፣ ኢንዛይምም አንዱን ሥራ ፈጽሞ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በኬሚስትሪ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት ይሉታል።

አንድ ሰው «የእንጀራ እርሾ ከአንዱ ቡሖ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖር የለምን? ኢንዛይምስ ስለ ምን እንደዚያ አይደረግም?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች አሉ፤ ጥቂቱ ቢተርፍ ተራብቶ ይበዛል። ኢንዛይም ግን ከሕያው ነገር ይገኛል እንጂ ራሱ ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ አይራባም፤ የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል።

የኢንዛይም ጥናት ታሪክ የሚጀምረውም ከዚያው ከብቅል ነው። በ1833 አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች የብቅልን ውሃ አጥልለው አልኮል ጨመሩበት፤ ከዚህም ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነጭ ነገር አገኙና «ዲያስቴዝ» አሉት። «ኢንዛይም» የሚለውን ስም ያወጣው ግን ቪልሄልም ኪውነ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። በ1897 ሌላው ጀርመናዊ ኤዱዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶና ጨምቆ፣ ሕያው እርሾ የሌለበት ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ። ስለዚህም ሥራው በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይሙ እንደ ሆነ፣ ከሕያው ነገር ተለይቶም ሊሠራ እንደሚችል ታወቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1916 በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ኢንቨርቴዝ ስለሚባለው ኢንዛይም ይመራመሩ ነበር። ይህ ኢንዛይም ከእርሾ የሚገኝ ሲሆን የሸንኮራ አገዳን ስኳር ወደ ግሉኮስና ወደ ፍሩክቶስ ይከፍላል። ኢንዛይሙን ከከሰል ዱቄት ጋር ባገናኙት ጊዜ በከሰሉ ላይ ተጣብቆ ከዕቃው ግርጌ ዘቀጠ። ከከሰል ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ኢንዛይም ሥራውን ያቆማል ብሎ መገመት የማይገርም ነበር፤ እነርሱ ግን ኢንዛይሙ በከሰሉ ላይ እንዳለ ስኳሩን እንደ ቀድሞው ሲከፍል አገኙት። ያዩትንም በዚያው ዓመት አሳትመው አወጡት።

እንግዲህ ከሰሉን ከፈሳሹ መለየት ቀላል ነገር ነው፤ ማጥለል ብቻ ይበቃል። ከሰሉ ከተለየ ኢንዛይሙም አብሮ ይለያል፤ ከተለየም እንደ ገና ለሥራ ይውላል። ዛሬ ይህን ስናነብ «ታዲያ ወዲያውኑ ስለ ምን ፋብሪካ አላቆሙበትም?» ያሰኘናል። እኛም ይህን ጥያቄ ተወያይተንበት ሦስት ምክንያቶች አግኝተናል።

አንደኛው፣ ኢንዛይም ራሱ ምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር። ጄምስ ሳምነር የተባለ አሜሪካዊ በልጅነቱ በአደን ላይ በደረሰበት አደጋ ግራ ክንዱን አጥቶ ነበር፤ ይሠራበት የነበረውም በግራ እጁ ስለ ሆነ በቀኝ እጁ መሥራትን እንደ ገና መማር አስፈለገው። ይህ ሰው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ደክሞ በ1926 ዩሪዬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ከባቄላ ዘር በክሪስታል መልክ አወጣ፤ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም ተናገረ። በዘመኑ ትልቅ ስም የነበራቸው ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል የኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ቪልሽቴተር፣ ኢንዛይም ፕሮቲን አይደለም ይሉ ስለ ነበር አልተቀበሉትም። ሳምነር ትክክል መሆኑ ታውቆ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በ1946፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማሰሪያው ነገር ነው። ከሰል ኢንዛይሙን አጥብቆ አይዝም፤ ውሃና ጨው ሲያልፍበት ኢንዛይሙ እየለቀቀ ይሄዳል። የተሻለ ማሰሪያ የተገኘው የፕላስቲክና የሙጫ ኬሚስትሪ ከዳበረ በኋላ ነው። በ1953 ግሩብሆፈርና ሽላይት የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንዛይሞችን በተሠራ ሙጫ ላይ በኬሚካል ትስስር አሰሩ። በ1959 ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ የፋርማሲያ ኩባንያ ሴፋዴክስ የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎችን ለገበያ አቀረበ። በእስራኤል አገር በረሖቮት ከተማ በቫይዝማን የምርምር ተቋም ኤፍሬም ካቻልስኪና ባልደረቦቹ ኢንዛይሞችን በማሰር ምን ለውጥ እንደሚደርስባቸው በሰፊው መረመሩ። ካቻልስኪ በኪየቭ የተወለደው በ1916፣ ኔልሰንና ግሪፊን ጽሑፋቸውን ባሳተሙበት ዓመት ነው። ይህ ሰው ከ1973 እስከ 1978 የእስራኤል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1985ም ስለታሰሩ ኢንዛይሞች ባደረገው ምርምር የጃፓን ሽልማት ተሰጠው።

በእነዚህ ዓመታት የተገኙት የማሰሪያ መንገዶች በአራት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው መንገድ ኢንዛይሙ እንደ ከሰሉ ባለ ነገር ላይ ይለጠፋል። በሁለተኛው ከማሰሪያው ጋር በጽኑ የኬሚካል ትስስር ይያያዛል። በሦስተኛው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ባለው እርጥብ ሙጫ ውስጥ ይከተታል፤ ትንንሾቹ የስኳር ቅንጣቶች ይገባሉ ይወጣሉ፤ ትልቁ ኢንዛይም ግን መውጫ ያጣል። በአራተኛው ደግሞ ኢንዛይሞቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አንድ ጉብታ ይሆናሉ። ሁሉም የየራሱ ጉድለት አለው። ልል የታሰረ ያመልጣል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ የሥራ ኃይሉን ያጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ፍላጎት ነው። ኢንዛይም በርካሽ እስከ ተገኘና ምርቱ በብዛት እስካልተፈለገ ድረስ ስለ መቆጠብ የሚጨነቅ አይኖርም። ጭንቀቱ ከዳር የደረሰው በጃፓን አገር በኦሳካ ከተማ በታናቤ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ነው። ኩባንያው አሚኖ አሲዶችን ይሠራ ነበር። አሚኖ አሲድ በኬሚካል መንገድ ሲሠራ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ የማይገጥም ሁለት ዓይነት ሆኖ እኩል በእኩል ይወጣል። ሰውነታችን ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀመው በ«ግራው» ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለየው አሚኖአሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሆን የሚገኘውም ጃፓኖች ሳኬ ለሚባለው መጠጣቸው እህል ከሚያሻግቱበት ሻጋታ ነው። እነሆ፣ የእነርሱም ነገር ከቤት ጠመቃ ጋር የተያያዘ ነው።

ኩባንያው ከ1954 ጀምሮ ኢንዛይሙን በፈሳሹ ውስጥ እየበጠበጠ ይሠራበት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ኢንዛይሙን ከምርቱ ለማስወገድ ማሞቅ ያስፈልግ ነበር፤ በዚህም ኢንዛይሙ ይበላሻል፤ ከምርቱም የተወሰነው ይባክናል። ኢቺሮ ቺባታ፣ ቴትሱያ ቶሳና ጓደኞቻቸው አያሌ ማሰሪያዎችን ፈትነው በመጨረሻ ኢንዛይሙን በኤሌክትሪክ መሳሳብ በሴፋዴክስ እንክብሎች ላይ አሰሩት፤ እንክብሎቹንም ረጅም ማማ በሚመስል ዕቃ ውስጥ ሞሉአቸው። ፈሳሹ ከላይ እየገባ ሥራው ተፈጽሞለት ከታች ይወጣል፤ ኢንዛይሙ በስፍራው ይቀራል። ኃይሉ በደከመ ጊዜም እንክብሎቹን ሳይጥሉ አዲስ ኢንዛይም ይጨምሩባቸዋል። ይህ በ1969 በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ጀመረ፤ የታሰረ ኢንዛይም በኢንዱስትሪ ሲሠራ በዓለም የመጀመሪያው ነው። የማምረቻውም ወጪ ከቀድሞው 60 በመቶ ወደሚሆን ወረደ። በ1971 በአሜሪካ በሄኒከር ከተማ የዚህ ጥበብ ሊቃውንት የመጀመሪያውን የኢንዛይም ምሕንድስና ጉባኤ አደረጉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የተስፋፋው ግን የበቆሎ ስኳር ነው። በቆሎ በብዛት በሚመረትባት በአሜሪካ ከስታርቹ ግሉኮስ ማውጣት የቆየ ሥራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ግሉኮስ እንደ አገዳ ስኳር አይጣፍጥም። በ1957 ግሉኮስን ወደሚጣፍጠው ፍሩክቶስ የሚለውጥ ኢንዛይም መኖሩ ታወቀ፤ በጃፓንም ታካሳኪ የተባለው ተመራማሪ ለፋብሪካ የሚመች ዓይነት አገኘ። የክሊንተን ኩባንያ በአይዋ ክፍለ አገር በ1967 ሽሮፑን ለገበያ አቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢንዛይሙን አስሮ ይሠራበት ጀመር። ከስኳሩ 42 በመቶው ፍሩክቶስ የሆነ ሽሮፕም ተገኘ። በ1974 የዓለም የስኳር ዋጋ እጅግ በተወደደ ጊዜ ፈላጊው በዛ፤ በ1984 ትልልቆቹ የአሜሪካ የለስላሳ መጠጥ ኩባንያዎች በአገራቸው የአገዳውን ስኳር ትተው ሙሉ በሙሉ በዚህ ሽሮፕ እንዲሠራ ፈቀዱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ለአይዋ የበቆሎ ገበሬ ሲሳይ የሆነው ነገር በፊሊፒንስና በካሪብያን ደሴቶች አገዳ ለሚቆርጠው ሠራተኛ ጉዳት ሆነበት። አሜሪካ ከውጭ በሚገባው ስኳር ላይ ካደረገችው ገደብ ጋር ተደምሮ፣ የእነዚያ አገሮች ስኳር ገዥ እያጣ ሄደ። በአንድ ማማ ውስጥ የታሰረ የማይታይ ኢንዛይም በሩቅ አገር ያለን ቤተሰብ ጦም ሊያሳድር ይችላል ማለት ነው። በአገዳ ወይም በቡና ወይም በሌላ አንድ ምርት ብቻ የሚታመን ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

በሌላ በኩል ይህ ጥበብ ብዙ ሕመምተኞችን ጠቅሟል። ከፔኒሲሊን አዳዲስ መድኃኒቶች ለመሥራት መጀመሪያ ጎኑን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም በኬሚካል ሲደረግ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜና አደገኛ ፈሳሾችን ይጠይቅ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታሰረ ኢንዛይም ይህንኑ ሥራ በውሃ ውስጥ፣ በሰውነታችን ሙቀት አካባቢ ይሠራው ጀመር። እንዲሁም በ1962 ሊላንድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በኢንዛይምና በኤሌክትሪክ መለካት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጣቱን ጠቅ አድርጎ ደሙን የሚያስነካት ትንሽ ቁራጭ በላይዋ ኢንዛይም ተይዞባት ይገኛል። ከአንባብያን መካከል እናቱ ወይም አባቱ በየማለዳው በዚህች ቁራጭ የሚለኩ ብዙ እንዳሉ እናምናለን።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተማርነውን ተናግረን እንጨርሳለን። ኔልሰንና ግሪፊን ፋብሪካ አላሰቡም፤ ከዕቃው ግርጌ ያዩትን በታማኝነት ጻፉ እንጂ። ሳምነር ክንድ ቢያጣም፣ ታላላቆቹም ባይቀበሉት፣ ያገኘውን አልካደም። የኦሳካዎቹ ሰዎች ደግሞ በየቀኑ በሚጣለው ነገር ተቆጭተው መፍትሔ ፈለጉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኢንዛይሙ ዛሬም ከአተላው ጋር በተደፋ ነበር። ስለዚህ በቤተ ሙከራችን ያልጠበቅነውን ነገር ባየን ጊዜ «ይህ ስሕተት ነው» ብለን ከደብተራችን አንሰርዘው፤ ጽፈን እናቆየው። የሚጠቀምበት ሰው ገና አልተወለደ ይሆናል።