ስም ያጣው ጦረኛ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባል የለ? ለዚህ አባባል መተማ ጥሩ ምስክር ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚያ ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ስማቸው ግን አልሄደም፤ ከተማዋን ዛሬም መተማ ዮሐንስ እንላታለን። ጎረቤቷ ቋራም የመይሳው ካሳ አገር መሆኗን ልጅ አዋቂው ያውቃል። በጀግና ስም አንታማም።

እኔን የሚከነክነኝ በዚያው ቆላ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ሌላው ጦረኛ ነው። ፈረንጆች «ጦረኛው ንስር» ይሉታል። ከአፍሪካ ንስሮች ግዙፉ እሱ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ይደርሳል። እኛስ? «አሞራ» ብለን እናልፈዋለን። ጥንብ አንሺውም አሞራ፣ አድኖ በሊታውም አሞራ!

ለነገሩ መደባለቁ የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 በዚሁ በመተማ በኩል አድርጎ ወደ ስናር ወረደ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ «ንስር» ብሎ ከሳላቸው አንዱ፣ አጥንት ከላይ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ ነበር። እሱስ እንግዳ ነው፤ እኛ የአገሩ ባለቤቶች ምን እንላለን?

«ደግሞ ስም ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ፊሊፒንስን እንይ። በደሴቶቿ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚኖር አንድ ግዙፍ ንስር አላት። ድሮ «ጦጣ በላ» ነበር የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1978 መንግሥት «የፊሊፒንስ ንስር» አለው፤ በ1995 ደግሞ ብሔራዊ ወፍ አደረገው። ስም ብቻውን ደን አያበቅልም፤ በ2023 የወጣ ጥናት የቀሩት 392 ጥንዶች ያህል መሆናቸውን ገምቷል። ይሁን እንጂ በ2008 አንዱን ገድሎ የበላ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጥቷል። ስም ያለው ሟች ከሳሽ አያጣም።

የእኛውም ጦረኛ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ገብቷል። ጎጆውን የሚሠራው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ዛፉ ሲቆረጥበት ወይም ለጅብ የተጣለ መርዝ ሲያገኘው ቶሎ የሚተካው የለም።

በመተማና በቋራ ከ1995 ዓ.ም. ሰፈራ ወዲህ ብዙ ጫካ ተመንጥሮ የሰሊጥና የማሽላ ማሳ ሆኗል። ሰሊጡ የስንቱ ቤት እንጀራ ነውና ይቅር አልልም። ቋራ ውስጥ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጥሩ ነው። ግን ወፍ የፓርክ ድንበር አያውቅም። ማሳ መሃል ጎጆ ያለበትን አንድ ዛፍ መተው ከኩንታሉ ብዙ አያጎድልም።

ስሙንም ፈረንጅ አንጠብቅ። የቋራ ገበሬና የጉሙዝ ሽማግሌ ወፉን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሄደን እንጠይቃቸውና እንጻፈው፤ በየትምህርት ቤቱም ከነገሥታቱ ስም ጎን ልጆች ይማሩት።