ቫይኖ ሊና፦ የጭሰኞችና የተራ ወታደሮች ደራሲ

ቫይኖ ሊና እ.ኤ.አ. በ1920 በፊንላንድ ኡርያላ በተባለች የገጠር ቀበሌ ተወለደ። ከብት አራጅ የነበረው አባቱ የሞተው ሊና ገና በሰባት ዓመቱ ሳለ ነው። እናቱ በአካባቢው ባለርስት እርሻ ላይ ጉልበቷን እየሸጠች ልጆቿን አሳደገች። ሊና ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት አልነበረውም። በጉርምስናው የእርሻና የጫካ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በ1938 ወደ ታምፐሬ ከተማ ሄደና በፊንላይሰን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ፊንላንድ ከ1941 ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ባደረገችው ጦርነት በመትረየስ ክፍል ውስጥ የጓድ መሪ ሆኖ ምሥራቃዊው ግንባር ላይ ተዋጋ። ከጦርነቱ በኋላም የተመለሰው ወደዚያው ፋብሪካ ነው። ቀን ማሽን ላይ ይውላል፣ ከሥራ ሲወጣ ያነባል፣ ይጽፋል። በታምፐሬ ቤተ መጻሕፍት ዙሪያ ይሰባሰቡ የነበሩ ጸሐፍት ለእርሱ እንደ ዩኒቨርሲቲ ሆኑለት። በ1947 እና በ1948 ያሳተማቸው ሁለት ልብ ወለዶች ግን ብዙም ትኩረት አላገኙም።

ስሙን ያስጠራው በ1954 የወጣው «ያልታወቀው ወታደር» ነው። መጽሐፉ አንድ የመትረየስ ክፍል ጦርነቱ ከተጀመረበት ጊዜ እስከ ሽንፈቱ ያሳለፈውን ይከተላል። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው በመጡበት አገር ዘዬ ይናገራሉ፤ አለቆቻቸውን ያማርራሉ፣ ይፈራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ደግሞም ይዋጋሉ። ፊንላንድ እስከዚያ ድረስ የለመደችው የወታደር ሥዕል ዝም ብሎ የሚታዘዝ ጀግና ስለነበር መጽሐፉ ብዙዎችን አስቆጣ። በአገሪቱ ትልቁ ጋዜጣ ላይ ሃያሲዋ ቶይኒ ሃቩ ደራሲው የጦርነቱን ትልቅ ትርጉም አላየም ብላ ክፉኛ ነቀፈችው። ከግንባር የተመለሱት ሰዎች ግን በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አገኙ። የፊንላንድ ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን በታች በነበረበት በዚያ ዘመን መጽሐፉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1955 ኤድቪን ላይኔ ወደ ፊልም ለወጠው፤ ፊልሙም በየዓመቱ በነፃነት ቀን በቴሌቪዥን የሚታይ ሆነ።

ሊና ከዚህ በኋላ ፋብሪካውን ትቶ በሃሜንኪዩሮ እርሻ ገዛ። ከ1959 እስከ 1962 በሦስት ቅጽ ያወጣው «እዚህ ከሰሜን ኮከብ በታች» የተጻፈው እዚያ ነው፤ ትልቁ ሥራውም ይህ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ዩሲ ኮስኬላ የተባለ ጭሰኛ በቤተ ክህነት መሬት ላይ ረግረግ እያቀና እርሻ ሲያወጣ ነው። አዲስ ቄስ ሲመጣ ግን በላቡ ካቀናው መሬት ከፊሉ ይወሰድበታል። ልጁ አክሴሊ ወደ ሶሻሊስቶቹ የሚሄደው ይህን በደል እያየ አድጎ ነው።

በ1918 በፊንላንድ ሶሻሊስቶች በሆኑት በቀዮቹና በተቃዋሚዎቻቸው በነጮቹ መካከል የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ከሦስት ወራት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሆኖም ከ36 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥር ሺህ የሚበልጡት ከጦርነቱ በኋላ በእስረኞች ካምፕ በረሃብና በበሽታ ያለቁ ቀዮች ናቸው። አሸናፊዎቹ ጦርነቱን «የነፃነት ጦርነት» ብለው ሲጽፉት፣ የተሸነፉት ቤተሰቦች ሐዘናቸውን በየቤታቸው ይዘው ቆዩ። በ1960 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ የጦርነቱ ዋና መንስኤ የመሬትና የኑሮ በደል መሆኑን በሰው ሕይወት አሳየ። የታሪክ ምሁራን ተቃወሙት፤ ሊናም በጽሑፍ መለሰላቸው። ክርክሩ ተመራማሪዎች የቀዮቹን ሞትና ግድያ በጥልቀት እንዲመረምሩ መንገድ ከፈተ። ልብ ወለዱ ነጮቹንም ሰይጣን አላደረጋቸውም፤ ከጥንካሬዎቹ አንዱ ይኸው ነው። የአክሴሊ ልጅ ቪልሆ ደግሞ በ«ያልታወቀው ወታደር» ውስጥ የሚታወቀው መኮንን ኮስኬላ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች በዚህ ይተሳሰራሉ።

ሦስተኛው ቅጽ በ1963 የኖርዲክ ምክር ቤት የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አስገኘለት። ከዚያ ወዲያ ሊና ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። በ1980 የአካዳሚ አባልነት የክብር ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1992 በ71 ዓመቱ አረፈ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፊንላንድ የሃያ ማርካ የገንዘብ ኖት ምስሉን ይዞ ነበር። አሳታሚው በ1954 ከ«ያልታወቀው ወታደር» የቆረጣቸው ክፍሎችም በ2000 በሙሉ ቅጂው ታትመው ለአንባቢ ደረሱ።