ልጅ፣ ዶክትሬትና አማካሪ፦ ያልተጻፈው ታሪካችን

የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ሲነሳ የ1950 (እ.ኤ.አ.) ምሥረታ፣ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስጦታ፣ የተማሪዎች ንቅናቄ ይወሳሉ። ልጅ ታቅፈን ዶክትሬት የሠራን ሰዎች ታሪክ ግን ብዙም አይነሳም። ለዚህ መጽሐፍ ጥቂቱን ላስቀምጥ።

እ.ኤ.አ. በ1987 የዶክትሬት ትምህርት እዚሁ እስኪጀመር ድረስ ዲግሪው ባሕር ማዶ ተሄዶ የሚመጣ ነበር። ወላጅ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ልጁን ለአያት ትቶ ይሄዳል። ትምህርቱ አገር ቤት ሲገባ መለያየቱ ቀነሰ፤ ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ብዙዎቻችን መምህራን ስለነበርን በአንድ ግቢ ሠራተኛም ተማሪም ሆንን።

እኔ የወለድኩት በ2004 ዓ.ም. ነው። በጊዜው የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 5 የሥራ ቀን ይሰጥ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም። አራስ ቤት ሳለሁ አማካሪዬ ደወሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካሉኝ በኋላ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ምዕራፍ ሦስትስ?» የሚል ነበር።

በውጭ ድጋፍ እንደተማሩት ብዙዎች ሁለተኛ አማካሪም ነበረችኝ፤ ስዊድን። እሳቸው «መስክ ተመለሺ» ሲሉኝ እሷ «መጀመሪያ አንድ ጽሑፍ አሳትሚ» ትለኛለች። በመሀል የሚያለቅስ ልጅ አለ።

መላውን ያገኘሁት ከቀደሙኝ እህቶች ነው። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ምን እንደተስማማን፣ ማን ምን በየትኛው ቀን እንደሚሠራ በግማሽ ገጽ ጽፌ ለሁለቱም በአንድ ኢሜይል መላክ ጀመርኩ። አለመስማማታቸው እዚያው ስለሚታይ እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል፤ እኔ መልእክተኛ መሆኔ ቀረ። የክትባት ካርዱንም ከምዕራፍ ሰሌዳዬ ጎን ለጠፍኩት፦ 6ኛ፣ 10ኛ፣ 14ኛ ሳምንት፣ ከዚያ የ9ኛው ወር የኩፍኝ ክትባት። በእነዚያ ሳምንታት ረቂቅ እንደማላስረክብ አስቀድሜ አሳወቅኩ። ሁለቱም ተቀበሉት፤ ምዕራፍ ሦስትም በተባለው ቀን ገባ።

ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የእናትን ፈቃድ 120 ቀን፣ የአባትን 10 የሥራ ቀን አድርሶታል። ትልቅ ነገር ነው። የምዕራፍ ሦስት ስልክ ግን፣ ታናናሾቻችን እንደሚነግሩኝ፣ ዛሬም ይደወላል። ስለዚህ እናንተም ልጅ እያሳደጋችሁ እንዴት እንደጨረሳችሁ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ጻፉልን፤ የሚከተሉን መላውን ከዜሮ መጀመር የለባቸውም።