አውራ ዶሮው ሲለወጥ

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን የዶሮ እርባታ መዝገብ ላይ አንድ ስሕተት ነበረ። ስሕተቱ የእኛው የሒሳብ ክፍል ነው። ጥቅምት ላይ ለ24 አባላት ለእያንዳንዳቸው 5፣ በድምሩ 120 የ45 ቀን ጫጩቶች ተገዝተው ሲታደሉ «120 እንቁላል ጣይ ዶሮ» ብለን መዘገብን። ለድጋፍ ሰጪዎቻችን የላክነው ሪፖርትም ይህንኑ ቁጥር ይዞ ሄደ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ግን ጎሕ ሲቀድ በየጓሮው ይጮኽ ጀመር። ቤት ለቤት ዞረን ስንቆጥር 38ቱ አውራ ሆነው ተገኙ።

ነገሩ በሳቅ ቢታለፍ ጥሩ ነበር። ውላችን ግን እያንዳንዷ አባል በዓመቱ 5 ቄብ ለቀጣዮቹ ተረኞች ትመልሳለች ይላል። አንዲት አባላችን ከደረሷት 5 ጫጩቶች 4ቱ አውራ ሆኑባት። «ከአንዲት ሴት ዶሮ አምስት ቄብ ከየት ላምጣ?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አልነበረንም። ሪፖርቱን አርመን እንደገና ላክን፤ ውሉን ለማረም ግን ስለ ዶሮ ከምናውቀው የበለጠ ማወቅ ነበረብን። እናቶቻችንን ጠየቅን፣ የተጻፈም አነበብን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

ዶሮ የአገራችን ተወላጅ አይደለችም። ዘሯ የሚመዘዘው በእስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። እኛ ዘንድ የገባችው ግን በጣም ቀድማ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል ቦታ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ መንደር ተቆፍሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። ሔሊና ወልደ ኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የአጥንቱ ዕድሜ ከ2500 ዓመት በላይ መሆኑ ተገልጿል፤ በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት የዶሮ አጥንቶች አንዱ ነው። እንግዲህ «የሐበሻ ዶሮ» ስንል ይህን ያህል ዘመን በእኛው ብርድና ሙቀት፣ በእኛው ጭልፊትና ሸለምጥማጥ መካከል የተረፈችውን ማለታችን ነው።

እናቶቻችን የዶሮን ሥራ ሥራ ብለው አልጠሩትም። በሬና ላም ሲሸጥ የሚነጋገረው አባወራ ነው፤ እንቁላልና ዶሮ ግን የእማወራዋ ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። ባል «ስንት አገኘሽ?» ብሎ የማይጠይቀው ገንዘብ ቢኖር የዶሮ ገንዘብ ነበር ያሉን እናት አሉ። በሒሳብ ሰው ዓይን ሲታይ ዶሮ ባንክ ባልነበረበት አገር የሴት ቁጠባ ደብተር ነበረች ማለት ይቻላል። ዶሮ የሌላት ሴት ደግሞ ከጎረቤት በርቢ ትወስዳለች፤ ታሳድጋለች፣ የሚፈለፈለውን ከባለቤቷ ጋር ትካፈላለች። የእኛ ተዘዋዋሪ የዶሮ ብድርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ርቢ ማኅተም የለውም፤ ጫጩቱ አውራ ቢሆንም ሴትም ቢሆን እኩል ይካፈሉታል። እኛ ማኅተሙን አስበን ይህንን ረሳን።

ስለ አውራ የነገሩን ከሁሉም ይበልጥ አስተማረን። በአንድ ግቢ ሁለት የደረሱ አውራዎች አይቆዩም፤ አንዱ ይሸጣል ወይም ለበዓል ይታረዳል። ለ8 ወይም ለ10 ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል፤ የዛሬዎቹ የእርባታ ባለሙያዎች የሚሰጡትም ቁጥር ይኸው ነው። በእኛ መንደር ግን ለ82 ሴት ዶሮ 38 አውራ ነበረ፣ ለሁለት ዶሮ አንድ አውራ ማለት ነው። የሴቶቹ ጀርባ ላባው ተነቅሎ ቆዳቸው ታየ፤ አንዳንዶቹ ከቆጥ መውረድ ፈሩ፣ የአውራዎቹም አናት በድብድብ ደማ። በሽታ መስሎን መድኃኒት የገዛን አለን። (ለዚያ መድኃኒት የወጣውን ደረሰኝ ዛሬም ስናየው እናፍራለን።)

ሌላው ብዙዎቻችንን ያስገረመን ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ የማያስፈልጋት መሆኑ ነው። አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ብቻ ነው። እንቁላል ለመሸጥ የምታረባ ሴት አውራ ብትይዝ የምትቀልበው በከንቱ ነው፤ እንዲያውም አውራ ያልደረሰበት እንቁላል በሙቀት ቶሎ አይበላሽም። ለማስታቀፍ የምትፈልግ ግን አውራው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለባት። አንድ አውራ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን እያጠቃ ከቆየ የሚፈለፈለው እየቀነሰ፣ ጫጩቱም እየደከመ ይሄዳል። እናቶቻችን የዘር ትምህርት አልተማሩም፤ ግን አውራቸውን ከሩቅ ጎረቤት ጋር ይለዋወጡ ነበር።

ጊዜውንም ያውቁ ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል አይበላም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ያኔ እንቁላሉን ለገበያ ከማውጣት በገለባ በተሞላ እንስራ ስባሪ ወይም ቅርጫት ውስጥ አድርጎ ማስታቀፍ ያዋጣል። በ21ኛው ቀን የሚወጡት ጫጩቶች ክረምት ሳይገባ ይጠነክራሉ። ክረምት ከገባ ብርዱና እርጥበቱ ይፈጃቸዋል፤ ፈንግልም አለ። አውራ ደግሞ ከጾም ማግስት ነው ዋጋ የሚያገኘው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ቀይ ወይም ገብስማ፣ አናቱ ድርብ የሆነ አውራ ይፈለጋል፤ ነጠላው ያን ያህል አያወጣም። ከአሥራ ሁለቱ የዶሮ ወጥ ብልቶች አንዱ የላባ ቀለም ባይሆንም ገዢው የሚመርጠው በላባ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት የተናጋው አውራው ሲለወጥ ነው። በ1940ዎቹ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ተቋማት ተከፈቱ፤ በኋላም የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ተጨመረ። በእነዚህ በኩል ነጩ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ሌሎችም የውጭ ዘሮች ገቡ። ሐሳቡ በቁጥር ሲታይ የሚያስመኝ ነበር። የሐበሻ ዶሮ በጓሮ እየጫረች በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ሌግሆርን በደንብ ከተያዘች ከ200 ታልፋለች። ሁሉንም ዶሮ መለወጥ ስለማይቻል ቀላሉ መንገድ አውራውን መለወጥ ሆነ። እርሻ ሚኒስቴር የውጭ ዘር አውራ ለገበሬው ያድል ጀመር፤ ከስርጭቱ ጋርም ቅድመ ሁኔታ ነበረ፣ ገበሬው በግቢው ያሉትን የሐበሻ አውራዎች በሙሉ እንዲያስወግድ ይጠየቅ ነበር። አሠራሩ ለብዙ ዘመን ቀጠለ፤ እንደ አንዳሳና ኮምቦልቻ ያሉ የማባዣ ማዕከላትም ሠሩበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው፣ የእርሻ ሠራተኛው በአብዛኛው የሚያነጋግረው አባወራውን ነበር። ዶሮዎቹ የሴቲቱ ሆነው ሳለ አውራው በባል ስም ተመዝግቦ ግቢ ገባ። «ይህ የመንግሥት አውራ ነው፣ እንዳትሸጪው» ተባልኩ ያሉን እናት ነበሩ፤ ፋሲካ ሲደርስ የሚሸጡት አውራ አልነበራቸውም። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የሌግሆርን ዘር እንቁላል እንዲጥል ብቻ የተመረጠ ስለሆነ መታቀፍን ትቷል። ከሐበሻ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ሴት ልጆቹ ከእናታቸው የበለጠ ይጥላሉ፤ ማቀፉ ግን ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ነጭ ላባው ደግሞ ለጭልፊት ከሩቅ ይታያል። በእንክብካቤ ቤት 200 የጣለችው ዶሮ በጓሮ ጥሬ ፍለጋ ስትዞር ያን አልደገመችም። አቃፊዋ የጠፋባት ሴት ዘር ለመተካት በየዓመቱ ከሌላ ቦታ መግዛት ግድ ሆነባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ዓይነት ነው፤ ብቻ እዚህ የጣሉት ሌሎች ናቸው።

ባለሙያዎቹን ሁሉ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ፈንግል መንደሩን ጠራርጎ ሲሄድ የሐበሻዋንም የፈረንጇንም አይመርጥም፤ ዛሬ አባሎቻችን የሚያስከትቡት ክትባት ደብረ ዘይት ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የእንስሳት ጤና ተቋም ዓይነት ሥራ የመጣ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ክትባቱን ጨርሶ መግዛት መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። ከግብፅ የመጣው ፋዮሚ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ፣ ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ ከሌግሆርን ይልቅ ጓሮ ይችላሉ። የምርምሩም አቅጣጫ ተለውጧል። ባለሙያዎች የሐበሻን ዶሮ አንድ ነገር አድርገው ማየት ትተው ጥልሊ፣ ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ተፒ፣ ጨፌ እያሉ በየአካባቢዋ ለዩዋት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ የሆሮን ዶሮ ከራሷ ዘር ውስጥ እየመረጡ የማሻሻል ሥራ ተጀመረ። በዚህ መንገድ ሲታይ ዘሯን ሳይለውጡ ማሻሻል ይቻላል ማለት ነው፤ ይህን ያነበብን ቀን ደስ ብሎናል።

ወደ አባላችን እንመለስ። 4ቱን አውራዎች አልጣለቻቸውም። በቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ እየመገበች እስከ ፋሲካ አቆየቻቸውና ሸጠች፤ በገንዘቡ 6 የሐበሻ ቄቦች ገዛች። እኛ ኪሳራ ብለን ልንመዘግብ የነበረው ይህን ነው። ጥቅምት ላይ 3ቱ ለማቀፍ ተኮፈሱ። የተሻሻለው ዘር እንቁላል ከሐበሻው ስለሚተልቅ በአንዷ ሥር ከ10 በላይ አላደረገችም፤ 30 እንቁላል ከጎረቤቶቿ ሰብስባ አስታቀፈች። 23 ተፈለፈሉ፣ በሁለተኛው ወር 17 ቆመው ተገኙ፣ ከእነሱም 9ኙ ቄብ ነበሩ። 5ቱን ለማኅበሩ መለሰች። 5 ቄብ ከየት ላምጣ ብላ የጠየቀችን ሴት ዕዳዋን ጨረሰች፤ አምስቱም ሴት ሆነውላቸው ጫጩት ያልተኩ ግን አሁንም ሦስት አባላት አሉ። ዶሮዎቻቸው እንቁላል ይጥላሉ፣ አያቅፉም።

ከፋሲካ በኋላ ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ብድሩ በጫጩት ቁጥር እንጂ በቄብ ብቻ አይጻፍም፤ አውራ የደረሳት አባል በበዓል ዋጋ ሸጣ በገንዘብ መመለስ ትችላለች። ለእያንዳንዱ የጎረቤት ቡድን ሁለት የሐበሻ አቃፊዎች ይገዛሉ፣ ማንም አባል በየተራ ትጠቀምባቸዋለች። ለአንድ ቡድን አንድ አውራ ይበቃል፤ በዓመቱም ከሌላ ቀበሌ ቡድን ጋር ይለዋወጣል። አውራው በተለወጠ በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ቢሰበሰብ ይሻላል፤ ከዚያ በፊት የሚታቀፈው የቀድሞው አውራ ሊሆን ይችላል። ምዝገባው በአባሏ በራሷ ስም ይሆናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈልፈያ ይገዛ የሚሉ አባላት አሉ፤ እኛ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት እንቁላሉ ምን እንደሚሆን ጠይቀናቸዋል፣ እነሱ ደግሞ አቃፊዋን ሸለምጥማጥ ቢበላትስ ብለው መልሰውልናል። በጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል።

እስከዚያው በመዝገባችን ላይ «አውራ» የሚል አዲስ ዓምድ ከፍተናል። ከ38ቱ 31ዱ ተሸጠዋል፣ 2ቱን ሸለምጥማጥ በልቷቸዋል፣ 5ቱ አሁንም እየጮኹ ነው።